የባልዲው እጀታ

ወንድሜ ሺገሩ የሚናገረው የእናታችን የሽመና ማሽን ሲጮህ ብቻ ነበር። ማሽኑ ሲቆም እሱም ዝም ይላል፤ ጸጥታው ከረዘመ ደግሞ የግራ እጁን አንጓ መንከስ ይጀምራል። ደግነቱ በጃፓን የሸማኔዎች ከተማ በኪርዩ፣ በተለይ በእኛ ሰፈር፣ ጸጥታ ብርቅ ነበር። በየቤቱ ጓሮ ማሽን አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጓ-ቸክ፣ ጓ-ቸክ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ ዘመድ «በዚህ ጩኸት እንዴት ትኖራላችሁ?» ሲለን ግራ ይገባን ነበር። የቱ ጩኸት?

ያኔ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እሱ ስድስት። ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ብሆንም ቤት ስገባ ቦርሳዬን አውርጄ ወዲያው መምህርት እሆናለሁ። ተማሪዎቼ እናቴ ባዶ የክር ማጠንጠኛ የምታጠራቅምበት ሣጥን ውስጥ ያሉት እንጨቶች ነበሩ። አሰልፋቸዋለሁ፣ እቆጣቸዋለሁ፣ ሰነፉን ጥግ አስቆመዋለሁ። ሺገሩ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እንጨቶቹን ላያቸው ላይ በቀረችው የክር ቀለም ይደረድርልኛል፤ ከቀይ ወደ ሐምራዊ፣ ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊ፣ አንዷን እንኳ ሳይሳሳት። ማሽኑ እየጮኸ ከሆነ «ቀይ» ይላል፣ «ሩዝ» ይላል፣ «እትዬ» ይላል። ከዚያ አያልፍም። ለእኔ ግን ይበቃኝ ነበር፤ ወንድም ማለት እንዲህ ያለ ነገር ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

አባታችን ማቅለሚያ ቤት ይሠራ ስለነበር እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነው። ስለ ሺገሩ የሚለው ነገር አንድ ብቻ ነበር። «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። እኔም የዘገየሁ ነበርኩ።» አያቴ ሞታለችና እውነት ይሁን ውሸት የሚመሰክር አልነበረም።

የዚያ ዓመት ሙቀት ሲገባ አንዲት በብስክሌት የምትመጣ ሴት ቤታችንን አዘወተረች። መምህርት ነጊሺ ትባላለች፤ ከወንዙ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ጠቃጠቆ ያለባት፣ ስትስቅ ድዷ የሚታይ፣ ቀልደኛ ሴት ነበረች። እኔ ግን ከድዷም ከቀልዷም ይልቅ ከብስክሌቷ ኋላ የታሰረው የልጅ መቀመጫ ላይ ነው ዓይኔ የተተከለው። ማሰሪያ ቀበቶ አለው። አንድም ቀን ልጅ ጭናበት መጥታ አታውቅም። ባዶ መቀመጫ ይዛ ትመጣለች፣ ሺገሩ ፊት ትንበረከካለች፣ ማጠንጠኛዎቹን አብራው ትደረድራለች፣ ሻይ ጠጥታ ትሄዳለች።

እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚያደርስ አውቅ ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚሠራው የአቶ አራይ ልጅ ፉሚ ተወስዳለች። ፉሚ መራመድ አትችልም፣ መናገርም አይሆንላትም። መጀመሪያ አንድ ጨዋ ሰውዬ እየመጣ ሻይ ጠጣ። ከዚያ አንድ ጠዋት መኪና መጣ። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተራራው ላይ ወዳለው ቤት ሄደች» አሉ። ቶፉ ልግዛ ብዬ ስሄድ ትንንሽ ቀይ ጫማዎቿ በር ላይ እንደተደረደሩ አያቸዋለሁ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ጫማዎቹ አልተነሡም። የሺገሩ ጫማ ደግሞ ሰማያዊ ነው፤ በየማታው ከመተኛቴ በፊት ሄጄ መኖሩን አያለሁ።

ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሽኑ ቆሟል። ሺገሩ ከማሽኑ ሥር ተኮራምቶ እጁን እየነከሰ ነው። እናቴና መምህርት ነጊሺ ከወረቀት ከተሠራው ተንሸራታች በር በስተጀርባ ናቸው። ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ አዳመጥኩ።

«ወረቀቱ ይገኝ እንጂ አባቱ እምቢ ማለት አይችልም» ትላለች መምህርቷ።

«እውነት ይወስዱልኛል?» እናቴ ናት።

«ፈተናውን ይውደቅልን። ከሚያዝያ ጀምሮ የእኔ ልጅ ነው።»

«ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?»

«ምኑን ትከፍይዋለሽ፣ ይኼን በጨው የዘፈዘፍሽውን ፍጅል ጨርሼልሽ!»

እናቴ ሳቀች። ከልቧ፣ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ሳቀች። እናቴን እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ልጇን አሳልፋ እየሰጠች ትስቃለች! ያን ቀን እናቴን ጠላኋት። ቃሉን አላለሳልሰውም፤ ጠላኋት።

ዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆችን በመፈተን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ምን እንደተባለ አውቃለሁ። መምህርት ነጊሺ ሰባት ልጆች ብቻ ያሉበት ልዩ ክፍል ነበራት። እንደ ሺገሩ ያሉ ልጆችን በቀለም፣ በእጅ ሥራ፣ በትዕግሥት ታስተምር ነበር። አባቴ «የእኔ ልጅ ከቂሎች ጋር አይቀመጥም» ብሎ በሩን ስለዘጋ፣ ሺገሩ ትምህርት ከመግባቱ በፊት የሚሰጠውን ፈተና ወድቆ ወረቀት እንዲጻፍለት እናቴ አንድ ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ ነበር። ያ መቀመጫም እግሩ የማይታዘዝለትን አንድ ተማሪዋን በየጠዋቱ የምታመላልስበት ነበር። ማታ ማታ ወደ ቤቱ፣ ወደ እናቱ ትመልሰዋለች።

ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። ለልጅ ማን ምን ይነግራል?

ስለዚህ በልጅ ጭንቅላቴ መከርኩ። ፈተናውን ከወደቀ ትወስደዋለች፤ እንግዲያው አይወድቅም። ፈተናውን ደግሞ እኔ ከሦስት ዓመት በፊት ተፈትኜዋለሁ፤ የተመሰገንኩበትን ነገር አልረሳም። ስድስት ጥያቄ ነው። ስምህ ማነው? ስንት ዓመትህ ነው? ይህ ሥዕል ምንድን ነው? ጃንጥላ። ጥንቸሏ ምን ጎደላት? ጆሮ። ድንጋዮቹ ስንት ናቸው? አምስት። መንገድ ቢጠፋብህ ምን ታደርጋለህ? ፖሊስ እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ማጠንጠኛዎቹን በሙሉ ወደ ሣጥናቸው መልሼ ተማሪዬን አንድ ብቻ አደረግኩ። ከማሽኑ አጠገብ፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እግራችን ሥር በሚሰማን ቦታ ተቀመጥን። መጀመሪያ ሁለት ቀን ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ጉልበቱን በማሽኑ ምት መታ መታ እያደረግኩ ጠየቅኩት። ጓ ሲል እኔ እጠይቃለሁ፣ ቸክ ሲል እሱ ይመልሳል። «ሺገሩ» አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከረሜላ አጎረስኩት። «ስድስት» አለ። ሌላ ከረሜላ።

ሃያ ዓመቴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ልቦና መምህራችን ስለ ርግብ ነገረን። እህል እየሰጡ ቀይ ክብ እንድትነካ አስለመዷት፤ ርግቧ ግን ቀይ ምን እንደሆነ ታውቃለች ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ደብተሬን ትቼ ወጣሁ፤ ያን ቀን አልተመለስኩም።

ምክንያቱም ሺገሩ ጥያቄዎቹን አንዱንም አላወቃቸውም። ቅደም ተከተሉን ባዛባበት እንኳ በራሱ ቅደም ተከተል ነው የሚመልሰው፤ ሦስተኛ ላይ «ስምህ ማነው?» ስለው «ጃንጥላ» ይላል። ይህ ለአፍታም አላሳሰበኝም። ፈታኙ በተራ ነው የሚጠይቀው፣ ምን አገባን! ያስቸገረን የመጨረሻው ብቻ ነው። ፖሊስ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። ብጠይቀው፣ ብለምነው፣ ብቆጣው ፊቴን እያየ «እትዬ» ይላል። በመጨረሻ እጄን ሰጠሁ። «እሺ፣ መንገድ ሲጠፋብህ እትዬን እጠራለሁ በል።» በዚያው ቀን ለመደው። ሲለው ደግሞ ከሌላው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው፣ ፈገግ ብሎ ነው።

በዚያ ወር ጨርቅ ሰብሳቢው አቶ ሞሮዙሚ እናቴን ሲያዋርዳት አየሁ። የሠራችውን ጥቅል በሩ ላይ ዘርግቶ «ወይዘሮ፣ ይኼ ምንድን ነው? ክሩ ተበጥሶ ማሽኑ ዝም ብሎ የሄደበት ስንት ቦታ ነው! ከሰፈሩ አንደኛ የምንልሽ ሴት፣ ዓይንሽን ምን ነካው?» ይላታል። እናቴ አጎንብሳ «ይቅርታዎን፣ ይቅርታዎን» ትላለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ደስ አለኝ። ልጇን የምትሰጥ ሰው እጇ ይያዝ አልኩ።

የፈተናው ቀን ኅዳር ውስጥ ነበር። ትንንሾቹ የሚፈተኑት እኛ ትምህርታችንን ጨርሰን ትምህርት ቤቱን በምናጸዳበት ሰዓት ነው። በእኛ አገር ተማሪ ክፍሉንና ኮሪደሩን ራሱ ይወለውላል። የመጀመሪያውን ፎቅ ኮሪደር እንዳገኝ ከጓደኛዬ ከሚቺዮ ጋር ተራ ተለዋወጥኩ፤ ለዚህም ማጥፊያዬን ሰጠኋት። ባልዲዬንና ጨርቄን ይዤ ከፈተናው ክፍል በር ሥር ተንበረከክኩ።

እናቴ ሺገሩን እጁን ይዛ አመጣችው። ፀጉሩን በውኃ አስተኝታዋለች። አየችኝና ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። ከዚያ እናቶች ወደሚጠብቁበት ክፍል ላኳት፤ በሩ ተዘጋ።

ውስጥ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ነው የረሳሁት ነገር ትዝ ያለኝ፤ እዚህ ማሽን የለም። በበሩ ክፍተት አየሁት፤ አንጓውን ወደ አፉ እያስጠጋ ነው። ፈታኙ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ነበር፤ አፍንጫውን ጠርጎ ወረቀቱን አቃና።

የባልዲው እጀታ ብረት ነው። አንሥቼ ለቀቅኩት። ጓ። እንደገና አነሣሁት። ቸክ። ጓ-ቸክ፣ ጓ-ቸክ። የሺገሩ እጅ ወደ ጉልበቱ ወረደ።

«ስምህ ማነው?»

«ሺገሩ።»

ስድስቱንም መለሰ። አንዱን እንዲያውም ፈታኙ ጠይቆ ሳይጨርስ ነው የመለሰው። የመጨረሻው ላይ «እትዬን እጠራለሁ!» ሲል ሽማግሌው ሳቀ። «ጎበዝ! እህትህ ጎበዝ ናት ማለት ነው» አለው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ፣ የቆሸሸ ጨርቅ ይዤ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህም አልተሰማኝም።

ሽማግሌውን አልወቅስም። ከሰዓት በኋላ ከመቶ በላይ ልጅ አይቷል፣ ትኩሳት ነበረው። እኔም በዚያ ወንበር ተቀምጬ የቸኮልኩባቸው ቀናት አሉ። የፊታቸው መልክ ዛሬም የሚመጣብኝ ልጆች አሉ።

ደብዳቤው የደረሰው እራት ላይ ነው። አባቴ በሰማያዊ ጣቱ እየተከተለ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «በመደበኛ ክፍል መማር ይችላል።» ጉልበቱን መታ። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም እንዴ!» ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ቀዳ፤ ለሺገሩ የራሱን ዓሣ ቆርሶ ሰጠው። እናቴ ሩዟን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች፣ ማሽኑን አስነሣችው። ጀርባዋን አየሁት፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በደስታ ነው አልኩ። አሁን ገባት፣ ተጸጸተች አልኩ። ይቅር አልኳት።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እኔ ያቦካሁትን ግን ቤተሰቡ በሙሉ ዕድሜ ልኩን ሲበላው ኖረ።

መምህርት ነጊሺ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሳ መጣች። ከበሩ ውጭ ቆመው ነው ያወሩት። እናቴ «በሚመጣው ዓመት እንደገና ብንሞክርስ?» አለቻት። «በሚመጣው ዓመት እዚህ የለሁም» አለች መምህርቷ። «ባለቤቴ ተዛውሯል፤ ክፍሉንም ማን እንደሚይዘው እንጃ።» እናቴ ወገቧ እስኪታጠፍ ድረስ አጎነበሰች፤ ብስክሌቷ ከመንገዱ ማዶ እስክትጠፋ ቀና አላለችም። እኔ በሩ ኋላ ሆኜ ለባዶው መቀመጫ ምላሴን አወጣሁበት። ከዚያ ሮጬ ሄጄ የሺገሩን ሰማያዊ ጫማ አየሁ። በቦታው ነው።

በሚያዝያ ወር፣ አርባ አራት ልጆች ወዳሉበት ክፍል ገባ። ክፍሉ ጸጥ ያለ፣ መምህሩ ጸጥታ የሚወድ ነበር። ሺገሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። አንጓው ቆሰለ፤ እናቴ ጨርቅ ትጠቀልልለታለች፣ ጨርቁን ይነክሰዋል። ልጆቹ «ድዳው» ይሉታል፤ በኋላ የእኔ ክፍል ልጆችም «የድዳው እህት» ይሉኝ ጀመር።

ቀጥሎ የምናገረውን ለባሌም ነግሬው አላውቅም።

ጥር ላይ፣ በረዶ ጥሎ ነበር፤ ከሚቺዮና ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር ያንኑ ኮሪደር እየወለወልን ነው። ሺገሩ ከክፍሉ ወጥቶ መጣ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። ወደየት እንደሚሄድ አላወቀም፤ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ቆመና በሙሉ ድምፁ «እትዬ!» አለ። ያስተማርኩትን ነው ያደረገው። መንገድ ጠፍቶበታል፣ እትዬን ጠራ። «እትዬ! እትዬ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «ኧረ የማን ነው? ካዙዮ፣ ያንቺ አይደል እንዴ?» አለች ሚቺዮ።

እኔ ወለሉን መፈተግ ቀጠልኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ አንድ ቦታ ደጋግሜ ፈተግኩ። ባልዲው አጠገቤ ነበር። እጀታውን አንድ ጊዜ ብለቅቀው ይበቃ ነበር፤ አልለቀቅኩትም። ስንት ጊዜ እንደጠራኝ አላውቅም። መምህሩ መጥቶ ክንዱን ይዞ ወሰደው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሺገሩ ማሽኑ ሲጮህም መናገር ተወ። «ቀይ» የለ፣ «ሩዝ» የለ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱ «ቤት ይዋል» ብሎ መለሰው። ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት ከማሽኑ ሥር ተቀምጦ ማጠንጠኛ ሲደረድር ኖረ። አባቴ ስለ ልጁ መናገር ትቶ ሞተ።

ለእናቴ የተናዘዝኩት አርባ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ነው። ማሽኑ ተሽጦ ነበር፤ ቆሞበት የነበረው ወለል ላይ የእግሮቹ ምልክት ይታያል። ፈተናውን እንዳስጠናሁት፣ ባልዲውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። የኮሪደሩን ብቻ ደበቅኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እሰማችሁ ነበር እኮ» አለችኝ ብርቱካን እየላጠች።

«ማሽኑ እየጮኸ?»

«የማሽኑ ድምፅማ ለእኔ ምኔ ነው? ከእሱ ሥር የልጄ ድምፅ ይመጣል። ስሙን ሲል ሰማሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሙን ብሎ አያውቅም።» ብርቱካኑን ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። «ማሽኑ ከቆመ እሱም ይቆማል። ስለዚህ ክር ሲበጠስ አላቆምም ነበር። ባዶውን ይሂድ እል ነበር። አቶ ሞሮዙሚ ያን ጊዜ አንገቴን አስደፋኝ፤ ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ጨዋታ መስሎኝ ነው፣ የፈተናው መሆኑን አላወቅኩም።» የብርቱካኑን ልጣጭ ሰበሰበች። «ባውቅስ ኖሮ አቆም ነበር? እንጃ። እንጃ ልጄ። ያን ወር ብቻ ነው ስሙን ሲል የሰማሁት።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ አልወቀሰችኝምም። ብርቱካኑን በላን። እሷ በዚያው ክረምት ዐረፈች።

ሺገሩ አሁን ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ባለ መጠለያ ይኖራል። እሑድ እሑድ ከረሜላ ይዤለት እሄዳለሁ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ቀን፣ ሳላስበው፣ ጣቴ ጠረጴዛውን ጓ-ቸክ፣ ጓ-ቸክ ብሎ መታ። ሺገሩ መስኮቱን እያየ «ሺገሩ» አለ። «ስድስት» አለ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንዲሁ ነው፤ ስድስት፣ ጃንጥላ፣ ጆሮ፣ አምስት። አምስት ላይ ጣቴን አቆማለሁ፤ ከረሜላውን እሰጠዋለሁ። ሌላ ሰው ስድስተኛ ጥያቄ እንዳለ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ግን አላቆምኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ደክሞኝ ነው መሰለኝ፣ መደበቅ ደክሞኝ። አምስት ካለ በኋላ ጣቴ መምታቱን ቀጠለ። ሺገሩ ከመስኮቱ ዞረ። ፀጉሩ ነጭ ነው፣ አንጓው ላይ ያለው ጠባሳ እንደ ቆዳ ጠንክሯል። ድምፁን ከሌላው ሁሉ ከፍ አድርጎ፣ እንደ ዱሮው ፈገግ ብሎ አለው።

«እትዬን እጠራለሁ።»

«አቤት» አልኩት። «አቤት ሺገሩ፣ አቤት ወንድሜ።»

ሃምሳ ሰባት ዓመት የዘገየ አቤት ነው። እሱ ግን መልስ አልነበረም የሚጠብቀው፤ እጁን ዘርግቶ ከረሜላውን እየጠበቀ ነበር።